ፍየሉ እስኪመለስ

በሰባተኛው ቀን፣ ከሞሲ የድንጋይ አጥር ሥር፣
የኬሪ መንገድ ለሁለት ተከፈለ፤
ግራው ሽቅብ ነው፤ በእርጥቡ ተረተር
ወደ ባሕር አፋፍ የተንጠለጠለ።
ቀኙ አስፋልት፣ ቁልቁል፣ ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ፣
ዛሬ ማታ ፍየል ወደሚነግሥበት፣
አገር ምድሩ ነቅሎ ወደሚተምበት።

"ፍየል?" አትበሉኝ። አዎ፣ ፍየል፣ ባለ ቀንድ፣
ከጋራ ተይዞ፣ ዘውድ ተደፍቶለት፣
ከማማ ላይ ሆኖ ሦስት ቀን የሚፈርድ፤
ፍርዱን ማን ይስማው! አፉን ቅጠል ሞልቶት።
ከሥሩ ፈረስ ሻጭ፣ ከሥሩ ሰካራም፣
ሕፃን በጫንቃ ላይ፣ ጡሩምባ፣ ግፊያ፣
እግር ለእግር የሚረጋገጥ ዓለም።

እህቴ ጎብኔት ሸክሟን አወረደች፤
"እንሂድ" አለች።
"እግርሽስ?" ብላት፣ ጫማዋን ፈታች፣
የተላጠ ተረከዟን አየችና "ይሄዳል" አለች።
በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከዚያ ከተማ ጥግ፣
ከአንድ ቆርቆሮ ሠሪ ጋር አንግታ ጨፍራለች።
ስሙን ረስታለች።
"ስሙን ልፈልግ ነው" አለች፤
ቀልዷን ይሁን የምሯን፣ እኔ እንጃ።

እኔ ግን አርባ ዓመት፣ ከፖስታ ቤት ጓዳ፣
የሰው ስም ስለይ፣ የሰው አድራሻ፣
የናፈቀኝ ስም የለሽ ነው፤ ጉም፣ ድንጋይ፣ ሜዳ፣
"ለማን ነው?" የማይል ውሻ።

"ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ!" አልኳት።
"የመጣነው ለመንገድ፤ ጀምረን ልንጨርስ።
አንድ ቀን ለመውረድ፣ አንድ ቀን ለመጋፋት፣
አንድ ቀን ለመመለስ፤
ሦስት ቀን ይባክናል።" በጣቴ ቆጠርኩላት።
"ሂሳብህ ልክ ነው" አለች፤ "ሁሌም ልክ ነበረ።"
ሌላ አልጨመረችም። ይኸው ነው የመረረ።

ሳንቲም አወጣሁ፤ ባንድ ፊቱ በገና ያለበት።
"በገናው ከመጣ እንሄዳለን" ብዬ ወረወርኩት።
ነፋስ ጠለፈው፤ ነጠረ፣ ተንከባለለ፣
ቁጥቋጦ በላው። ብንንበረከክ፣ ብንዳብስ፣ የለም።
ሞሲ በአጥሩ ላይ፣ ፒፓውን እየወለወለ፣
"ዕጣ እንኳ ከእናንተ ሸሸ" አለ፤ አልሳቀም።

ይኼኔ መጣች መኪናዋ፣ ተሳቢ እየጎተተች።
በፍርግርጉ መሐል፣ ቢጫ ዓይን፣ አግድም ስንጥቅ፣
አየኝ። ንጉሡ ነው። ከሁላችን መሐል እሱ ብቻ
የሚሄድ፣ ሳይጠየቅ፣ ሳይጠይቅ።
ጎብኔት ቦርሳዋን ወረወረች፣
ከሹፌሩ ጎን ዘለለች።

እኔም መንገዴን ቀጠልኩ፤
ልል ነበር። ከተረተሩ ወገብ ተመለስኩ።
ሞሲ ድንች ቀቀለልኝ።
"ጉልበትህ ነው?" አለኝ።
"ጉልበቴ ነው" አልኩ።
"ጉልበት ክፉ ነው" አለና ጨው አቀበለኝ።

ሌሊት፣ ከአጥሩ ላይ፣ ከሸለቆው ማዶ፣
የከተማው መብራት ጉሙን ከሥር ሲያቀላው፣
ነፋስ ሲገለበጥ፣ አንዳንዴ፣ ተጎማምዶ፣
ከበሮ ይሁን የሞሲ በር፣ የማይለይ ድምፅ ሲመጣው፣
"ሦስት ቀን ይባክናል" ያልኩት ሰውዬ
ሦስት ቀን ዋልኩ፣ በግ እየቆጠርኩ፣ ተጎልቼ።
በሁለተኛው ቀን ሳንቲሙን አገኘሁ፤
ከሥሩ፣ ከእርጥቡ፣ በገናው ወደ ሰማይ።
ኪሴ ከተትኩት።

በአራተኛው ቀን ተሳቢዋ ዳገቱን ስትወጣ፣
ጎብኔት አለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።
በሩ ተከፈተ። ፍየሉ ወረደ፤ ዘውድ የለው፣ አጃቢ የለው፤
ቆም ብሎ አሸተተ፣
ወደ ጋራው ተፈተለከ፤ ዞሮም አላየ።

"እንዴትስ ነበር?"
"ሰው" አለች፤ "ሰው በሰው ላይ። ከንጉሡ ቀንዱን ብቻ አየሁ።
የጨፈርንበት ጥግ ባንክ ሆኗል።"
"ስሙስ?"
"የሚያስታውስ የለም። ከሦስት ሰው ጋር ጨፈርኩ፣
የሦስቱንም ስም ጠይቄ ረሳሁ።"
ተረከዟ ደምቷል፤ ታፏጫለች።
"አንተስ? ባሕሩ ጋ ደረስክ?"
"ጉልበቴ" አልኳት።
ሞሲ ሳል ያዘው።

"ሳንቲሙስ ተገኘ?"
"የት ተገኝቶ" አልኳት፤
ኪሴ ውስጥ፣ በአውራ ጣቴ፣
አውታሮቹን አንድ በአንድ እየነካካሁ።